መጀመሪያ የቤንዚኑን ብር፣ ከዚያ ቤቱን

«ፒያሳ የምንኖር የአንድ ቀበሌ ልጆች ነን። በጋ ላይ አገር ቤት እሳት ተነስቶ ጎረቤት ለጎረቤት ተያያዘ። በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ የእሳት መከላከያ ጣቢያ ልናቋቁም አስበናል። ብሩን እንዴት እናሰባስብ? ግንባታውስ ከየት ይጀመር?» ላላችሁት ልጆች ነው ይሄ መልስ።

እግዜር ያጽናችሁ። እኛም እዚሁ ፒያሳ ነው የጀመርነው። ሰባት ሰው፣ አንድ ካፌ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ። አገራችን ጉራጌ ነው፣ ቸሃ። እኔ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ፤ ስለዚህ የምነግራችሁ ስህተት ግማሹ የራሴ ነው።

ለግንባታ ብር አይጠፋም። አባቶቻችን በ1950ዎቹ መርካቶ ነግደው፣ አዋጥተው መንገድ አስወጥተዋል። ቤት፣ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ስትሉት ሰው ኪሱ ይገባል፤ ፎቶ ይነሳበታላ። የሚከብደው «በየወሩ ለውሃ ፓምፑ ቤንዚን አዋጡ» ማለት ነው። እኛ ይሄን አልገባንም። አዳራሽ ተከራይተን እራት አዘጋጀን፣ ቃል ተገባ፣ ተጨበጨበ። ከተገባው ቃል እጃችን የገባው ግማሹ ነው፤ ከእሱም ላይ አዳራሹ ድርሻውን ወሰደ። በቀረው ሦስት ክፍል ብሎኬት ቤት ሠራን። አንዱን «ቢሮ» አልነው። እስከ ዛሬ ማን እንደሚቀመጥበት አላውቅም።

የጥምቀት ሰሞን አገር ቤት ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ጩኸት ተሰማ። አንድ የሣር ቤት ተያይዟል። ሮጠን ጣቢያው ደረስን፤ በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ የት ነው? ወልቂጤ። የያዘው ሰው ገበያ ሄዷል። በድንጋይ ሰበርነው። ፓምፑ ከነፕላስቲኩ ቁጭ ብሏል። ገመዱን ሳብኩ፣ ሳብኩ፣ መዳፌ እስኪላጥ ሳብኩ። ድምፁም የለም። ቤንዚኑ ከመስከረም ጀምሮ እዚያው ውስጥ ቆይቶ ካርቡራተሩን ደፍኖታል። ካንዴላውን፣ እሳት የሚጭረውን ማለቴ ነው፣ ስፈታው ጥላሸት ነው። እኔ እዚያ ስታገል ሴቶቹ በእንስራና በባልዲ ውሃ እያመላለሱ፣ ጎረምሶቹ የጎረቤቱን ጣራ ሣር በረጅም መንጠቆ እየጎተቱ አወረዱት። ሁለተኛው ቤት ተረፈ። ፓምፓችን ምንም አልሠራም።

የሣር ቤት አንዴ ከተያያዘ አይድንም፣ ራሳችሁን አታታልሉ። የምታድኑት ጎረቤቱን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገዛው ርካሹ ነገር ነው፦ ረጅም እጀታ ያለው መንጠቆ፣ መሰላል፣ ባልዲ፣ እየነከሩ ጣራ ላይ የሚጥሉት ጆንያ። ጀፎረው፣ በመንደሩ መሃል የሚያልፈው የሣር መንገድ፣ ሰፊ ስለሆነ እሳት ከማዶ ወደ ማዶ ቶሎ አይሻገርም፤ የሚያስፈራው በአንዱ ጎን ተጠጋግቶ የተሠራው ቤት ነው።

ከዚያ ውሃ። 5 ሺህ ሊትር ሮቶ ሲሞላ 5 ቶን ነው፤ በእንጨት ቆጥ ላይ እንዳታወጡት። ደግሞ ከፍ አድርገን ብንሰቅለው ይገፋል የሚል ይኖራል። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ብቻ ነው፤ በ3 ሜትር ቆጥ ምንም አይሆንም። መሬት ላይ ጥሩ ኮንክሪት አፍስሳችሁ አስቀምጡት፣ መግፋቱን ለፓምፑ ተዉት። ባለ 2 ኢንች ፓምፕ በደህና ቀኑ በደቂቃ 500 ሊትር ገደማ ይተፋል፤ ሮቷችሁ በ10 ደቂቃ ባዶ ነው። ስለዚህ ወንዝ ወይም ኩሬ ያስፈልጋችኋል። እዚህ ላይ መርካቶ ያለው ሻጭ «ውሃ ከ8 ሜትር ጥልቀት ይስባል» ይላችኋል። ያ በባሕር ጠለል ነው። የእኛ አገር ወደ 2 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ከ5 ወይም 6 ሜትር በላይ አትጠብቁ። ውሃው ገደል ውስጥ ከሆነ ፓምፑን ወደ ውሃው አውርዱት።

ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት በሳምንቱ ያሳፍረኛል።

ቤቱ አንድ ክፍል ይበቃዋል፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ በሩ ሰፊ፣ ወደ መንገድ የዞረ። ቦታውን ሱቅ አጠገብ ምረጡ፤ ባለሱቅ ሁልጊዜ አለ፣ ቁልፉም እሱ ጋ ይቀመጥ፣ ሌላው ቄሱ ቤት። ለመሬቱ ከቀበሌና ከወረዳው የተጻፈ ማስረጃ ሳትይዙ አንድ ብሎኬት አታስቀምጡ። «ያጎቴ መሬት ነው፣ ሰጥቶናል» የሚባል ነገር አጎት ሲሞት ሌላ ይሆናል።

ብሩን በተመለከተ እኛ በኋላ ያስተካከልነው እንዲህ ነው። አገር ቤት ያለው እድር ከወር መዋጮው ላይ ትንሽ ቆርጦ ለቤንዚን ያስቀምጣል። የአዲስ አበባው ሰው በዓመት አንዴ፣ ለመስቀል ሲወርድ፣ እዚያው ጀፎረው ላይ ይከፍላል። እናቱ እያየችው ቃሉን የሚያጥፍ የለም። የባንክ ሂሳቡ ሦስት ፈራሚ አለው፣ ሁለቱ ካልፈረሙ አይወጣም። በማኅበር ስም መመዝገብ ከፈለጋችሁ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አለ፤ ለአንድ መንደር ግን እድሩ በቂ ነው ባይ ነኝ። ማደያ ያለ ደብዳቤ በጀሪካን አልቀዳም ይላችኋል፣ የቀበሌውን ደብዳቤ ቀድማችሁ አጽፉ።

ሥልጠናው ላይም ተሸውደናል። 12 ጎረምሳ አሠለጠንን። በዓመቱ ሁለቱን መርካቶ ዕቃ ሲያወርዱ አገኘኋቸው! አሁን የምናሠለጥነው ቀን ቀን እቤት የሚገኘውን ነው፤ በብዛት እናቶች ናቸው። ፓምፑን በየ15 ቀኑ ቅዳሜ ያስነሱታል። ሲጨርሱ የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግተው ራሱ እስኪጠፋ ይተዉታል፣ ካርቡራተሩ ውስጥ የሚቀር እንዳይኖር። ያስነሳችው ሴት ደብተር ላይ ትፈርማለች፣ ፎቶው ለእኛ ይላካል። ፎቶው ካልመጣ እሁድ ጠዋት እኔ ነኝ የምደውለው።

የደብዳቤውና የደብተሩ ናሙና ስልኬ ላይ አለ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ፒያሳ ነን፣ ብቅ በሉ። ማኪያቶው በእናንተ ነው።