ርካሽ ኤምፒስሪ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሙዚቃ የማዳምጠው በስልኬ ነው። ሥራ ስሄድ፣ ስመለስ፣ ቤት ሳጸዳ ኢርፎን ከጆሮዬ አይወርድም። ችግሩ ማታ ሰው ሲፈልገኝ ስልኬ ሞቶ ይገኛል። ደግሞም አንድ ዘፈን ሳያልቅ ሦስት መልእክት ይገባና ያቋርጠኛል። አንዷን ትንሽ ርካሽ ኤምፒስሪ (የሙዚቃ ማጫወቻ) ገዝቼ ልገላገል ብዬ ባማክረው ወንድሜ ሳቀብኝ። «በዚህ ዘመን? ገንዘብሽን መጣል ነው፤ ድምፁም ቆርቆሮ ነው» አለ። እውነቱን ነው እንዴ? ከገዛሁስ ምን ምን ልይ?
ከአንዲት አንባቢ

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምዎ ግማሹን አግኝቶታል። የትኛውን ግማሽ እንደሆነ እንደርስበታለን።

የጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አራት ርካሽ ማጫወቻዎች ተኝተዋል። ሁለቱ ቻርጅ አንቀበልም ብለዋል። የአንዱ ባትሪ አብጦ ክዳኑን ከፍቶታል። የአራተኛው በተን ወደ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። አምስተኛው ግን ስድስት ዓመቱን ይዟል፤ አሁንም ስሮጥ ልብሴ ላይ ሰክቼው እወጣለሁ። እነዚያ አራቱ ለምን መሳቢያ ገቡ ብዬ ሳስብ፣ አንዱም በድምፁ ምክንያት አይደለም።

ቆርቆሮ ድምፅ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ካርቶኑ ውስጥ አብሮ ከሚሰጠው ኢርፎን ነው። እሱን እዚያው ካርቶኑ ውስጥ ይተዉትና የራስዎን ይሰኩበት። ወንድምዎንም ዓይኑን ጨፍኖ እንዲሰማ ያድርጉት። እርግጥ ነው ርካሹ የሚታማበት ነገር አለው። በሁለት ዘፈኖች መሀል «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ዘፈኑ ሲጀምር «ጠቅ» ይላል። መንገድ ላይ አይታወቅም። ማታ ተኝተው ዝቅ አድርገው ሲያዳምጡ ግን ይሰማዎታል።

ፋይሉ ራሱም አለበት። በሰከንድ 128 ኪሎቢት ሆኖ የተጨመቀ ዘፈን በደቂቃ 1 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ በ320 ኪሎቢት ደግሞ ወደ 2.4 ሜጋባይት። ከሰው ሰው ሲተላለፍና ደጋግሞ ሲጨመቅ የኖረ ዘፈን በየጊዜው የሆነ ነገር ያጣል። እሱን በውድ ዕቃም ቢያጫውቱት የጠፋው አይመለስም።

አሁን ዋናውን ልንገርዎ፤ እኔም የተቃጠልኩበት ስለሆነ። አንድ ጊዜ ጀርባው ላይ «64 ጊጋ» የሚል ማጫወቻ ገዛሁ። ኮምፒውተሬ ላይ ስሰካው እውነትም 64 ይላል። አንድ ምሽት ሙሉ ቁጭ ብዬ ያለኝን ሁሉ ኮፒ አደረግኩበት። አንድም ስህተት አላሳየም። በማግስቱ ግን የተወሰኑ ዘፈኖች ይጀምሩና ይቆረጣሉ፣ ሌሎቹ ጭራሽ አይከፈቱም። በኋላ ስፈትሸው ውስጡ ያለው 8 ጊጋ ብቻ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሚሞሪውን የሚቆጣጠረው ቺፕ ከእውነቱ የበለጠ ቁጥር እንዲናገር ተደርጎ ይቀናበራል። ኮምፒውተሩ ያምነዋል፤ እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ ትርፉ ወይ ይጠፋል ወይ በቀድሞው ላይ ይጻፍበታል።

ስለዚህ ገና እንደገዙት ይፈትሹት። ኤች2ቴስትደብልዩ (H2testw) የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ አንድ የጀርመን የኮምፒውተር መጽሔት ያወጣው ነው። ዕቃውን ጥግ ድረስ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል፤ ውሸት ካለ ያጋልጣል። ጊዜ ይወስዳል፣ ሻይ አፍልተው ይጠብቁ። ከዚህ ሁሉ ጣጣ ለመዳን እኔ አሁን የራሱ ሚሞሪ ትንሽ የሆነና ካርድ የሚቀበል እመርጣለሁ። ካርዱን ለብቻው ከማምነው ሰው እገዛለሁ። ማጫወቻው ቢበላሽ እንኳ ዘፈኖቼ ካርዱ ላይ ይቀራሉ። ካርዱ ግን ከ32 ጊጋ ባይበልጥ ይሻላል። ከዚያ በላይ ያሉት ሲሸጡ የሚመጡበትን ኤክስፋት የሚባል ፎርማት (የፋይል አደራደር ዘዴ) ብዙ ርካሽ ማጫወቻ ማንበብ አይችልም፤ የሚያውቀው የቀድሞውን፣ ፋት32ን ነው። ደግሞም 8 ጊጋ ብቻ እንኳ በ128 ኪሎቢት ወደ 2,000 ዘፈን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ማጫወቻዎች፣ ኤምፒማንና ሪዮ፣ 32 ሜጋባይት ነበሩ። ጊጋ አላልኩም፣ ሜጋ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሙዚቃ ማለት ነው። ለዚያች ግማሽ ሰዓት የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚዎች ሪዮን ፍርድ ቤት አቁመው ነበር፤ ተረቱ እንጂ።

ቀጥሎ የሚያናድድዎት የዘፈኖቹ ተራ ነው። ብዙዎቹ ርካሾች የፊደል ተራ አያውቁም፤ ቀድሞ ኮፒ የተደረገው ቀድሞ ይጫወታል። አንድን አልበም በአንድ ጊዜ ጎትተው ከጣሉበት ስምንተኛው ዘፈን ከሁለተኛው ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ስሞቹ ፊት 01፣ 02 እያልኩ ጽፌ በተራ አንድ በአንድ አስገባለሁ። ቁጥሩ ሌላም ጥቅም አለው። ስክሪን ያለው እንኳ ቢሆን በፊደላችን የተጻፈ ስም ላይነበብለት ይችላል፤ በቦታው ባዶ ሳጥኖች ደርድሮ ያሳይዎታል። ያኔ የሚመሩት በቁጥሩ ነው።

ረጅም ነገር የሚያዳምጡ ከሆነ፣ ትረካም ሆነ ትምህርት፣ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ። ያጫውቱት፣ መሀል ላይ ያጥፉት፣ መልሰው ያብሩት። ካቆመበት ይቀጥላል? አንዳንዱ ከመጀመሪያው ዘፈን «ሀ» ብሎ ይነሳል። የሁለት ሰዓት ትረካ ውስጥ የቆሙበትን ቦታ በአውራ ጣት ተጭኖ መፈለግ ምን እንደሆነ እኔን ይጠይቁኝ።

ባትሪው ትንሽ ነው፤ ግን የሚሠራውም ሥራ ትንሽ ነው። ስክሪኗ ጠባብ የሆነች ወይም ጭራሽ የሌላት ማጫወቻ በገመድ ኢርፎን ሰዓታት ትሄዳለች። ብሉቱዝ ሲከፍቱ ግን ቶሎ ይወርዳል። ችግሩ ባትሪው በብየዳ የተያያዘ መሆኑ ላይ ነው፤ ሲደክም አውጥተው የሚቀይሩት አይደለም። ቻርጅ አንቀበልም ያሉትን ሁለቱን የገደልኳቸው ራሴ ነኝ። ባዶ እንደሆኑ መሳቢያ ውስጥ ጥዬ ወራት ረሳኋቸው። የማይጠቀሙበት ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልተው ያስቀምጡት። ያበጠ ባትሪ ካዩ ደግሞ አይጫኑት፣ አይውጉት፣ ቻርጅም አያድርጉት፤ ከቤት ያስወግዱት። (ባለቤቴ ስለዚያ ስላበጠው በየሳምንቱ ታስታውሰኛለች። ልክ ናት።)

አንዲት ተንኮል ልጨምር። ታይፕ ሲ መሰኪያ ያለው አዲስ ማጫወቻ ገዝተው፣ በዘመናዊው የስልክ ቻርጀር ሲሰኩት ዝም ቢል ተበላሸ ብለው አይመልሱት። ገመዱ በሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ ከሆነ ቻርጀሩ ኤሌክትሪክ የሚለቀው ዕቃ መሰካቱን ካወቀ በኋላ ነው። ያንን ምልክት የሚሰጡት ማጫወቻው ውስጥ ያሉ ሬዚስተር የሚባሉ ሁለት ጥቃቅን ክፍሎች ናቸው፤ ርካሾቹ ላይ አንዳንዴ ለቁጠባ ይቀራሉ። አንድ ጫፉ የድሮው ሰፊ ዩኤስቢ በሆነ ገመድ ይሞክሩት፣ ይነሳል።

አሁን ወደ ወንድምዎ ግማሽ። በየወሩ እየከፈሉ በአፕ የሚያዳምጡት ሙዚቃ ከሆነ ይህ ዕቃ አይሆንዎትም። «ዳውንሎድ» ያደረጉት ዘፈን ከዚያ አፕ ውጭ አይከፈትም፣ ኮፒም አይደረግም። ርካሹ ማጫወቻ የሚፈልገው ራሱን የቻለ ፋይል ነው። እነሱን መሰብሰብ፣ ስም ማስተካከል፣ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ መጫን አለ። ይሄ የሚሰለችዎት ከሆነ ለስልክዎ ይዘውት የሚዞሩት ቻርጀር (ፓወር ባንክ) ይግዙና ይረፉ። አይፖድ ራሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በ5 ጊጋ ወጥቶ ዓለምን ያንቀጠቀጠው፣ በ2022 መመረቱ ያበቃው ስልክ ሥራውን ስለወሰደበት ነው።

ነገር ግን እርስዎ የጻፉልኝ ስለ ጥራት አይደለም። ስልኬ እየሞተ ነው፣ መልእክት እያቋረጠኝ ነው ነው ያሉኝ። ለዚህ ለዚህ ከርካሿ ኤምፒስሪ የተሻለ አላውቅም። ማንም አይደውልባትም። ፋይሎቹ ካሉዎት ይግዙ። ብትወድቅ፣ ብትጠፋ፣ ላብ ቢነካት እንደ ስልክ አያስለቅስም። ድምፅ ላይ ብቻ ይጠንቀቁ። ስልክዎ ሲበዛ «ጆሮህን» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ እሷ ዝም ትላለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለ80 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) በሳምንት 40 ሰዓት ይፈቅዳል፣ ለ90 ግን 4 ሰዓት ብቻ። አጠገብዎ ያለ ሰው ሲያናግርዎ ካልሰሙ ዝቅ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ የኔ ማጫወቻ ኤፍኤም ሬዲዮ የሚይዘው ኢርፎን ሲሰካበት ብቻ ነው። ብሉቱዝ ስጠቀም «ኢርፎን ይሰኩ» እያለ እምቢ ይላል። ተበላሽቶ ይሆን?
ከአንድ አባት

መልስ፦ አልተበላሸም፣ አባቴ። የራሱ አንቴና ስለሌለው የኢርፎኑን ገመድ ነው እንደ አንቴና የሚጠቀመው። ጆሮ ላይ ባይደረግም ገመዱ ተሰክቶ ይንጠልጠል። አጣጥፈው አይጠቅልሉት፤ በተዘረጋ ቁጥር ጣቢያው ይጠራል። የተበላሸ አሮጌ ኢርፎን ካለዎትም አይጣሉት፤ ገመዱ ካልተበጠሰ ለዚህ ይሆናል።