የሂብን በግቢ ማሳደግ፦ ጥያቄና መልስ

በቀብሪደሃር ግቢዬ የሂብ ማሳደጌን የሰሙ ሰዎች ለላኩልኝ ጥያቄዎች የምችለውን ያህል መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ የሂብ ምን ዓይነት ተክል ነው? ለምንስ ብርቅ ሆነ?

መልስ፦ በኦጋዴንና በሶማሊያ ቀይ አሸዋማ መሬት ላይ በተፈጥሮ የሚበቅል፣ በበጋም ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ፍሬው የሚበላ ቁጥቋጦ ነው። ግመልና ፍየል ቅጠሉን፣ ሰው ደግሞ ፍሬውንና እንጨቱን ስለሚወስድበት፣ መሬት ወድቆ የሚበቅለው ዘር እያነሰ መጥቷል።

ጥያቄ፦ ከገበያ የገዛሁት ዘር አልበቀለልኝም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ጥፋቱ የእርስዎ ላይሆን ይችላል። ለምግብ የሚሸጠው ፍሬ የተቀቀለ ወይም የተቆላ ሊሆን ይችላል፤ ጥሬው እንኳ ቢሆን ከተለቀመ ጥቂት ወራት ካለፉት የመብቀል ኃይሉን ያጣል፣ ነቀዝም ይገባበታል። በዚያው ሰሞን የተለቀመና ቀዳዳ የሌለው ዘር ይፈልጉና ሳይውል ሳያድር ይዝሩት።

ጥያቄ፦ ችግኜ ስድስት ወር ሞልቶት ከስንዝር አይበልጥም። ውኃ ልጨምርለት?

መልስ፦ እባክዎ አይጨምሩ። የሂብ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጉልበቱን የሚያውለው ከላይ ሳይሆን ከታች፣ ዋና ሥሩን ወደ ጥልቁ በመስደድ ላይ ነው። እኔ መጀመሪያ በአጭር የፕላስቲክ ከረጢት ያፈላሁት ችግኝ፣ ስተክለው ሥሩ ከረጢቱ ግርጌ ላይ እንደ ቀለበት ተጠምዝዞ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ደረቀ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ በሚያዝያ፣ ጉ የሚባለው የአካባቢያችን ዋና ዝናብ ሲገባ፣ ዘሩን በቀጥታ በቋሚ ቦታው ሁለት ሁለት አድርጌ እዘራለሁ፤ በመጀመሪያው በጋም ጣቴን አስገብቼ አፈሩ ከውስጥ መድረቁን ሳረጋግጥ ብቻ አጠጣለሁ። ውኃ በሚቋጥር ጥቁር አፈር ላይ ባይሞክሩት እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ይበቅላል?

መልስ፦ አይሆንም። የቆላ ተክል ነው፤ ውርጭ አይችልም።

ጥያቄ፦ ቅጠሉን ስነካ እጄ ቀላ። መርዝ ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ አይስጉ። የቅጠሉን ጀርባ ገልብጠው ቢያዩ ደቃቅ ቀያይ ነጠብጣቦች ያገኛሉ፤ ቀለሙ የሚወጣው ከእነርሱ ነው። ይህን ቅጠል አዘውትረው የሚበሉ ፍየሎች አጥንታቸው ሳይቀር ብርቱካንማ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ፍሬውን መቼ እቀምሳለሁ?

መልስ፦ ቢያንስ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይታገሡ፤ እስከዚያው አጥሩን ያጥብቁ፣ ፍየል ይቀድምዎታልና። የመጀመሪያውን ፍሬ ግን ሳይበሉ፣ በለቀሙበት ሳምንት መልሰው ይዝሩት።