ስለ ስቴሮይድ ቅባት፦ ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

ባሕር ዳር ፋርማሲ ውስጥ የምሠራ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። ለሚያሳክክና ለሚቆጣ ቆዳ ሐኪም ስለሚያዛቸው የስቴሮይድ ቅባቶች የመጡልኝን ጥያቄዎች ልመልስ። በሽታውን መለየት የሐኪም ሥራ ነው፤ ስለ አቀባቡ ግን እንነጋገር።

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ልጄ ክርኑና ጉልበቱ መታጠፊያ ላይ ችፌ አለበት። ሃይድሮኮርቲሶን 1 በመቶ ታዘዘለት። ጎረቤቶቼ «ስቴሮይድ ቆዳ ይበላል» ሲሉኝ ፈርቼ ወዲያው ተውኩት። አሁን ሌሊቱን ሲያክ ያድራል። (ከሹም አቦ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጎረቤቶችሽ የሰሙት ውሸት አይደለም፤ ግን ስለ ሌላ ቅባት ነው። ሃይድሮኮርቲሶን 1 በመቶ ከነዚህ መድኃኒቶች መካከል ለስላሳው ነው። ቆዳ የሚያሳሳው ጠንካራው ዓይነት ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ነው። ልጁ እያከከ ቆዳውን ከላጠው ጀርም ይገባበትና ሌላ ጣጣ ይመጣል። ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ቆዳው እስኪለሰልስ ቀቢው፤ ብዙ ጊዜ ሳምንት ገደማ ይበቃል። ሁለት ሳምንት ሞልቶት ካልተሻለው መልሰሽ አሳዪው። ቆዳውን የሚያለሰልስ ቫዝሊንም ቀቢው፤ እሱን ግን ችፌው ጠፍቶም አታቋርጪ። ለብ ባለ ውኃ አጥበሽው ገላው ጨርሶ ሳይደርቅ ቀቢው፤ በቫዝሊኑና በመድኃኒቱ መካከል 20 ደቂቃ ያህል ይቆይ። ቅቤ የሚቀቡም አሉ፤ ቅቤው ለወጥ ይሁን። ዳይፐር የሚሸፍነው ቦታ ላይ ሐኪም ሳይፈቅድ አትቀቢ፤ የታፈነ ቆዳ መድኃኒቱን አብዝቶ ይመጥጣል።

ጥያቄ፦ «በስሱ ተቀባ» ይሉኛል። ስሱ ስንት ነው?

መልስ፦ ከቲዩቡ ጨምቀህ በአዋቂ ሌባ ጣት ላይ ከጫፉ እስከ መጀመሪያው አንጓ መስመር አስምረው። ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ ጣቶቹን ጨምሮ የሁለት መዳፍ ስፋት ያለው ቆዳ ይሸፍናል። የታመመው ቦታ ላይ ብቻ፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ። ከዚያ በላይ መደጋገም ፈውሱን አያፋጥነውም።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ፊቷ ሲጠራ አይቼ እሷ የምትቀባውን ከኮስሞቲክስ ሱቅ ገዛሁ። መጀመሪያ አማረብኝ። ወራት ከቆየሁ በኋላ ግን አንድ ቀን ካልተቀባሁ ፊቴ ይቃጠላል፣ ይቀላል፣ ብጉር ይወርረኛል። ስቀባው ይበርድልኛል። አለርጂክ ነው?

መልስ፦ አይመስለኝም። ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ ስለሆነ ረዘም ላድርገው። ማሸጊያውን ገልብጪና ጥቃቅኑን ጽሑፍ አንብቢ፤ «ክሎቤታሶል» ወይም «ቤታሜታሶን» የሚል ካገኘሽ ነገሩ ተገኘ፤ ሁለቱም ጠንካራ ስቴሮይዶች ናቸው። ክሎቤታሶል 0.05 በመቶ ከሁሉም የበረታው ደረጃ ላይ ነው። 0.05 ከ1 ያንሳል ብሎ የሚታለል ብዙ ሰው አለ፤ ቁጥሩ የሚነጻጸረው ግን በአንድ ዓይነት መድኃኒት ውስጥ ብቻ ነው። ይህን ቅባት ሐኪም ሲያዘው እንኳ ብዙውን ጊዜ እንደ መዳፍና እንደ ውስጥ እግር ላለ ወፍራም ቆዳ ነው፤ ያውም በተከታታይ ከ2 ሳምንት፣ በሳምንትም ከ50 ግራም ሳይበልጥ።

የፊት ቆዳ ስስ ነው፤ የዐይን ቆብ፣ ብብትና ብሽሽትም እንዲሁ። እዚያ ላይ ለወራት ሲቀባ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮች ክር ክር ሆነው ይታያሉ፣ ጸጉር ሊበቅል ይችላል። ዐይን አካባቢ ከሆነ የዐይን ግፊትና ሞራ ግርዶሽ ያሰጋል። ስትተዪው የሚቃጠለው ቆዳሽ ስለለመደው ነው፤ ስትቀቢው የሚያበርድልሽም ራሱ ያመጣውን ነው። በሌላ ጠንካራ ቅባት አትተኪው። ቲዩቡን ይዘሽ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ በአንዴ ይቁም ወይስ ቀስ በቀስ ይውረድ የሚለውን እሱ ይወስናል። መጀመሪያ ላይ ይብስብሻል፣ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት። እነዚህን ቅባቶች ከሎሽንና ከሳሙና ጋር ደርድሮ መሸጥ መቆም አለበት ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ከዘጌ ነኝ፣ ዓሣ አስጋሪ። ውኃ ውስጥ ቆሜ መረብ ስዘረጋ ውዬ ስወጣ እግሬ ላይ ነጠብጣብ ሽፍታ ይወጣና ያሳክከኛል። ለእጄ ችፌ የታዘዘልኝ ቤታሜታሶን አለ፤ ልቀባው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማሳከኩን ለጊዜው ያስታግስልህ ይሆናል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ከሥሩ ያለው ነው። ጣና ላይ ቢልሃርዚያ አለ። ከቀንድ አውጣ የሚወጣው እጭ ቆዳ በስቶ ሲገባ እንዲህ ያለ ሽፍታ ሊያስነሳ ይችላል፤ ገብቶ የሄደውን ደግሞ ቅባት አይደርስበትም። ጤና ጣቢያ ሂድና ሥራህ ውኃ ውስጥ መሆኑን ንገራቸው። የሰገራ ምርመራው ቶሎ ተሠርቶ «ነጻ» ቢልህ አትዘናጋ፤ ትሉ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ሳምንታት ይፈጅበታል። መድኃኒቱ የሚዋጥ ነው፣ ፕራዚኳንቴል። የሚያሳክክህ በእግር ጣቶችህ መካከል ከሆነ ግን እርጥበት የሚወደው ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ያን ቤታሜታሶን ያብሰዋል።

ጥያቄ፦ ክንዴ ላይ ክብ ነገር ወጣ። የወንድሜን ቅባት ስቀባው ማሳከኩ ቆመ፣ ክቡ ግን እየሰፋ ነው።

መልስ፦ ጭርት ይመስላል። ስቴሮይድ ቆዳው ፈንገሱን የሚዋጋበትን ቁጣ ዝም ያሰኘዋል፣ ፈንገሱ ግን ይስፋፋል። አቁመህ ታከም፤ የቀባኸውን ለሐኪሙ አትደብቅ፣ የበሽታውን መልክ ይለውጠዋልና። የወንድምህንም ቲዩብ መልስለት።

ጥያቄ፦ ቤተሰቡ በሙሉ ሌሊት ሌሊት ያክካል፣ በተለይ ጣት መካከል። አንድ ቲዩብ ለሁላችን ይበቃል?

መልስ፦ ቤት ሙሉ ሲያክክ እከክን መጠርጠር ነው። ስቴሮይድ ተባዩን አይገድልም። እንደ ፐርሜትሪን ያለ መድኃኒት ይታዘዝላችሁና የማያሳክከውም ሰው ጭምር ሁላችሁም በአንድ ቀን ተቀቡ፤ ልብሱና አንሶላው በሙቅ ውኃ ይታጠብ።

ጥያቄ፦ ክሬም ይሻላል ኦይንትመንት?

መልስ፦ ለሚያዥ ችፌ ክሬም፣ ለደረቀና ለተሰነጠቀ ወዙ የበዛው ኦይንትመንት።

ጥያቄ፦ ሽማግሌ ነኝ። የእግሬ ችፌ ድኖ ጥቁር ምልክት ቀረብኝ። መቀባቱን ልቀጥል?

መልስ፦ አይቀጥሉ፣ አባባ። ሲዳስሱት ከለሰለሰና ካላሳከከዎት ቁጣው ጠፍቷል። የቀረው ቀለም ነው፤ እንደኛ ባለ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ወራት ይቆይና ቀስ እያለ ይደበዝዛል።

ጥያቄ፦ እርጉዝ ነኝ፤ የታዘዘልኝን ልተወው?

መልስ፦ ለስላሳውና መካከለኛው በታዘዘው ልክ ቢቀባ አያሰጋም። በጣም ጠንካራው በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲሆን ነው ከሕፃኑ ክብደት ማነስ ጋር የሚነሳው፤ ስለዚህ ሐኪምሽ እርግዝናሽን ይወቅ። ከወለድሽ በኋላ ጡትሽ ላይ ካስፈለገሽ ልጁን አጥብተሽ ስትጨርሺ ቀቢ፣ እንደገና ከማጥባትሽ በፊት አጽጂው።