በሬውን ከካላንደር ለምትገለብጡ

ውድ የሥዕል ተማሪዎች፣

በወጣትነቴ አንድ ሆቴል ለምግብ አዳራሹ የሚሆን ሥዕል አዘዘኝ፤ በሬዎቹን ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ። በሬ ለማየት ከከተማ መውጣቱ ሰለቸኝና ግድግዳዬ ላይ ከተሰቀለ የውጭ አገር ካላንደር ገለበጥኩ። የዚያ አገር በሬ ሻኛ የለውም፤ እኔ ከራሴ ጨመርኩለት። ሥዕሉን ልሰቅል መሰላል ላይ ሳለሁ የሆቴሉ ዘበኛ፣ ሸምገል ያሉ የገጠር ሰው፣ ከታች ቆመው ሲመለከቱ ቆዩና «ልጄ፣ ይህ በሬ አርሶ ያውቃል?» አሉኝ።

«እያረሰ አይደል እንዴ አባባ!»

«ታዲያ ቀንበሩን ምን ላይ ጫኑበት?»

ቀንበር የሚያርፈው ከሻኛው ፊት፣ ማጅራቱ ላይ ነው። እኔ ሻኛውን እንደ ኮርቻ ወገቡ ላይ ስላስቀመጥኩት ቀንበሩ አየር ላይ ተንሳፍፎ ቀርቷል። ጆሮውም ከቀንዱ በላይ በቅሎ ነበር፤ እሱን ግን አዝነውልኝ መሰለኝ ዝም አሉ።

ከዚያ ወዲያ ገበያ በቆመ ቁጥር ወረቀትና ከሰል ይዤ የከብት ተራ ዳር እቀመጥ ጀመር። ብዙ ያረሰ በሬ ማጅራቱ ላይ ጠጉሩ ተመልጦ ቆዳው እንደሚጠነክር ያየሁት እዚያ ነው። ላም ስትነሳ መጀመሪያ የኋላ እግሮቿን ታቆማለች፤ ለአፍታ በፊት ጉልበቶቿ ተንበርክካ ትቆይና ከዚያ ቀና ትላለች። ፈረስ ተቃራኒው ነው፤ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ነው የሚነሳው። በፈረስ የኋላ እግር ላይ ወደ ኋላ የታጠፈ ጉልበት የሚመስላችሁ ደግሞ ጉልበት አይደለም፤ ከእኛ ቁርጭምጭሚት ጋር የሚመሳሰለው መገጣጠሚያ ነው። ጉልበቱ ከፍ ብሎ ሆዱ አጠገብ ነው ያለው። ይህን ካወቃችሁ የምትሥሉት ፈረስ አያነክስም።

ዓይን ብቻውን የማይበቃበት ጊዜም አለ። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ለዘመናት የሚጋልብ ፈረስ ሲሥሉ አራቱንም እግሮች ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዘርግተው በአየር ላይ ያንሳፍፉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1878 ፎቶግራፍ አንሺው ኤድዋርድ ማይብሪጅ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሜራዎች ደርድሮ ሩጫውን በተከታታይ ሲያነሳ፣ አራቱም ኮቴዎች መሬት የሚለቁት እግሮቹ ሆዱ ሥር ሲሰበሰቡ ሆኖ ተገኘ።

«ታዲያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ፈረስም ስሕተት ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ ነበር። አይደለም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ነጭ፣ የቅዱስ መርቆሬዎስ ጥቁር የሆነው ፊደል ያልቆጠረ ምእመን ከበሩ ሆኖ እንዲለያቸው ነው። ቅዱሳኑ በሁለት ዓይን፣ ክፉዎቹ በአንድ ዓይን መሣላቸውም እንደዚያው ነው። አባቶች ምን እንደሚተዉና ለምን እንደሚተዉ ያውቁ ነበር። ደግሞስ ብራናውን የሚያዘጋጀው ሰው የፍየሉን ቆዳ ወጥሮ ሲፍቅ የኖረ ነው፤ ስለ እንስሳ ከእኔም ከእናንተም የበለጠ ያውቃል። የእኔ በሬ ግን ሥርዓት ተከትሎ የመጣ አልነበረም፤ ስንፍና ነው። አንዳንዶቻችሁ ይህን ስንፍና «የግል ስልቴ ነው» ስትሉ እሰማለሁ፤ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ፎቶግራፍ አትጠቀሙ አልልም። ነገር ግን ፎቶው የከብቱን ክብደት አይነግራችሁም፤ ሲያልፍ ትከሻው ሥር የሚንቀሳቀሰውን አጥንትም አያሳይም። ለመጀመር አህያ ትሻላችኋለች። ጭነቷ እስኪራገፍላት ድረስ ቆማ ትጠብቃለች፤ የማያርፈው ጆሮዋ ብቻ ነው። መልክ ለማስመሰል አትቸኩሉ፤ ክብደቷን የትኛው እግር ላይ እንደጣለች ፈልጉ። በአንድ ጠዋት ሃያ ወረቀት ብታበላሹ አያስቆጭም።

የሆቴሉን ሥዕል በማግስቱ አውርጄ ሻኛውን ወደ ቦታው መለስኩት። ጆሮውን ለማስተካከል ግን ቀለም አልቆብኝ ስለነበር እንዳለ ተውኩት። ዘበኛው በዚያ ሲያልፉ ቀና ብለው ያዩትና ባርኔጣቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቁ ነበር።