ጠይቁን፦ የተሰጠችኝ የወርቅ ቡድሃ ውስጧ ይንኳኳል

ጥያቄ፣ ከዱባይ

ጤና ይስጥልኝ። ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው። አብራኝ ትሠራ የነበረች የኔፓል ልጅ ጠቅልላ አገሯ ስትገባ አንዲት ትንሽ የቡድሃ ሐውልት ሰጥታኝ ሄደች። ቁመቷ ስንዝር አይሞላም፣ ግን ትከብዳለች። ወርቅ ትመስላለች። ሳንቀሳቅሳት ውስጧ የሆነ ነገር ይንኳኳል። ሥሯ በቀጭን የብረት ክዳን ተደፍኗል፤ ክዳኑ ላይ መስቀለኛ ነገር ተቀርጿል። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች "ክፈቺው፣ ወርቅ ደብቃልሽ ይሆናል" እያሉ ይነዘንዙኛል። ልክፈታት ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ይቅርብሽ እህቴ። ወርቅ አታገኚበትም፣ ሐውልቷን ግን ታበላሻታለሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚህ ሐውልቶች ሲሠሩ ውስጣቸው ባዶ ነው። ለጸሎት የሚውሉ ከሆነ መነኩሴ ወይም ካህን ውስጣቸውን ይሞላዋል፦ ጸሎት የተጻፈበት የተጠቀለለ ወረቀት፣ እህል፣ መልካም ሽታ ያለው የእንጨት ዱቄት፣ አንዳንዴም ከቅዱስ ቦታ የመጣ አፈር ወይም የአንድ የተከበረ መምህር ልብስ ቁራጭ። ከዚያ ሥሩ በመዳብ ክዳን ይደፈናል። ያየሽው መስቀለኛ ነገር የኛ መስቀል አይደለም። ቫጅራ ይባላል፤ የማይሰበር የመብረቅ መሣሪያ ምልክት ነው፣ ሁለቱን አቆራርጠው ይቀርጹታል። ማኅተም በይው።

ለቡድሃ እምነት ተከታዮች ከዚያ በፊት ሐውልቱ ያማረ ብረት ነው፤ ገበያ ላይ ይገዛል፣ ይሸጣል። ከተሞላ፣ ከታተመና ጸሎት ከተደረገበት በኋላ ነው ቡድሃ እንዳለበት አድርገው የሚያከብሩት። ማኅተሙ ከተከፈተ ያ ሁሉ ፈረሰ ማለት ነው። እንደገና ማስባረክ ያስፈልጋል። አንቺ ባታምኚበትም የሰጠችሽ ልጅ ታምንበታለች፣ እና ስጦታው የሷ ነው። በነገራችን ላይ በደንብ የተሞላ ሐውልት ጥቅጥቅ ስለሚል ብዙም አይንኳኳም። የሚንኳኳው የደረቀ እህል ወይም ሲሠራ ውስጧ የቀረ የሸክላ ፍርፋሪ ሊሆን ይችላል።

ወርቅ ናት ወይ ላልሽው፣ ወርቁ ከላይ ነው፣ ውስጡ መዳብ ወይም ናስ ነው። ጉልበቷን፣ አፍንጫዋን፣ የጣቶቿን ጫፍ እያገላበጥሽ እይ፤ ብዙ የተነካ ቦታ ወርቁ ይሳሳል። ከሥር ቀላ ያለ ከታየሽ መዳብ ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው። ቢጫ ከሆነ ናስ ነው፤ በናስ ላይ ወርቃማ ቀለም የተነፋባቸው ርካሽ ሐውልቶች ሞልተዋል። በይ እንግዲህ ልጆቹን አትስሚያቸው።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ

የብር ሥራ ላይ ነኝ፣ መስቀልም እሠራለሁ። የኔፓል የወርቅ ቅብ ሐውልቶችን ቪዲዮ አይቼ ገረመኝ፤ እኛ በሰም ቀርፀን የምናፈሰው ዓይነት ይመስላል። ግን እንዴት ነው እንዲያ የሚጠራው? ወርቁንስ እንዴት ነው የሚያስይዙት?

መልስ፦ በደንብ አይተሃል። የኛ የድሮ የመጾር መስቀሎችም በሰም ተቀርጸው የፈሰሱ ብዙ አሉ፣ መሠረቱ አንድ ነው። ልዩነቱ ብረቱ ላይና ከማፍሰሱ በኋላ ባለው ሥራ ላይ ነው።

ቦታው ፓታን ነው፣ በሌላ ስሙ ላሊትፑር፤ ከካትማንዱ የባግማቲን ወንዝ ተሻግረህ የምታገኘው ከተማ። ሙያው የኔዋር ሕዝብ ነው። በተለይ ሻክያ የሚባሉት ቤተሰቦች ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርሱት ኖረዋል። ዝናቸው የዛሬ አይደለም፤ አርኒኮ የሚባል የኔፓል ወጣት እ.ኤ.አ. በ1260 አካባቢ ከባልደረቦቹ ጋር ቲቤት ሄዶ ሠራ፣ ከዚያ ቻይናን ይገዛ ወደነበረው የሞንጎል ንጉሥ ኩብላይ ካን ቤተ መንግሥት ገባና እዚያው ትልቅ ሰው ሆነ። ቤጂንግ ያለው ነጩ ስቱፓ፣ ማለትም ጉልላት መሰሉ የቡድሃ እምነት ቅዱስ ሕንፃ፣ የሱ ሥራ ነው፣ እስከ ዛሬ ቆሟል።

ሰሙን የንብ ሰም ብቻ አያደርጉትም፤ ይልፈሰፈሳል። ሳል ከሚባል ዛፍ ሙጫ ጋር ይቀላቅሉታል፣ መጠኑንም በብርድና በሙቀት ወራት ይለዋውጡታል። ሰሙን እንደ ቂጣ ጠፍጥፈው ነው ቅርጹን የሚያወጡት፣ ስለዚህ ውስጡ ክፍት ይሆናል። እጅ፣ አክሊል፣ የሎተስ መቀመጫ ብዙ ጊዜ ለየብቻ ይሠራሉ። ከዚያ ጭቃው ይመጣል። የመጀመሪያው ቅብ ደቃቅ አፈርና እበት የተበጠበጠበት ቀጭን ፈሳሽ ነው፤ እያንዳንዷን የጥፍር መስመር የሚይዘው እሱ ነው። በላዩ የሩዝ ገለባ የገባበት ወፍራም ጭቃ ይደረባል። ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ሰሙ ይላላል፣ ጭቃውም ይሰነጠቃል። ሲደርቅ ያሞቁትና ሰሙ ይወጣል፣ ሻጋታው እሳት ውስጥ ይጋላል፣ ያኔ መዳቡ ይፈስበታል።

እዚህ ላይ ነው የኔዋሮች ግትርነት የሚገርመኝ። ንጹሕ መዳብ የሚቀልጠው በ1085 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፣ ሲፈስ ይጎተታል፣ አየር ይይዛል። ነሐስ ወይም ናስ ቢጠቀሙ ይቀላቸው ነበር። ግን እርሳስና ቆርቆሮ ያለበት ብረት በእሳት ወርቅ ሲቀባ ይጠቁራል፣ ይዥጎረጎራል፤ ንጹሕ መዳብ ግን ወርቁን አጥርቶ ይይዛል። ለመጨረሻው ውበት ሲሉ መጀመሪያውን አከበዱት።

ሻጋታው ተሰብሮ ሲወጣ የምታየው ነገር ልብ አይሰብርም አልልህም፤ ሸካራ፣ ጥቁር፣ አንዳንዴም ቀዳዳ ያለበት ነው። ቀዳዳውን በመዳብ ቁራጭ ይደፍኑታል። "እንዴት ነው የሚጠራው" ላልከው መልሱ ከዚህ በኋላ ያለው ነው፦ ሞረድ፣ መሮና ትንሽ መዶሻ። የልብሱን ጥልፍ፣ የፀጉሩን ጥቅልል፣ የጌጡን እያንዳንዷን ፍሬ በመሮ እየመቱ ያወጡታል። ለአንድ ጥሩ ሐውልት ይህ ብቻ ሳምንታት፣ ከዚያም አልፎ ወራት ይፈጃል። ሰም የሚቀርጸው፣ የሚያፈሰው፣ በመሮ የሚጨርሰውና ወርቅ የሚቀባው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። "ሻጋታው ስለሚሰበር ሁለት አንድ ዓይነት የለም" የሚሉህን ሻጮች በጥርጣሬ ስማቸው፤ ዛሬ ሰሙ ራሱ በጎማ ቅርጽ እየተባዛ ነው። የሚለየው የመሮው ሥራ ነው።

አሁን ወርቁ። ንጹሕ ወርቅ ከሜርኩሪ፣ ድሮ ባዜቃ ከሚባለው ጋር ይፈጭና እንደ ቅቤ ይሆናል። የጸዳው መዳብ ላይ ይቀባል። ከሰል ላይ ሲያሞቁት ሜርኩሪው ተንኖ ይሄዳል፣ ወርቁ መዳቡን ይዞ ይቀራል። መጀመሪያ ደብዛዛ ነው፤ በለስላሳ ድንጋይ ሲታሽ ነው ያ ሞቅ ያለ ብርሃን የሚመጣው።

ወንድሜ፣ ይኼን ቤትህ እንዳትሞክረው። የሜርኩሪ ጢስ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ነርቭና ኩላሊት ይጎዳል። ፓታን ውስጥም ሙያተኛውን ሲጎዳ የኖረ ነገር ነው። በኤሌክትሪክ የሚቀባ አማራጭ አለ፣ ወርቁ ይሳሳል፣ ሞቅታውም ያን ያህል አይደለም። እኔ ግን ለአንድ መደርደሪያ ውበት የሰው ነርቭ መቃጠሉ አይዋጥልኝም።

ጥያቄ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ

ለምን አንዳንዱ ቡድሃ ቀኝ እጁን ወደ መሬት ያወርዳል? ደግሞ የቻይና ምግብ ቤት ያለው ሆዳሙስ እሱ ራሱ ነው?

መልስ፦ ሆዳሙ ሌላ ሰው ነው። ቡዳይ ይባላል፣ በ10ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የቻይና መነኩሴ ነው እየተባለ ይተረካል። ቡድሃ ቀጭን ነው።

እጁ መሬት የሚነካው ቦድ ጋያ ላይ፣ ሰሜን ሕንድ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ በነበረበት ሌሊት ነው። ማራ የተባለው ፈታኝ "ለዚህ ክብር መብቃትህን ማን ይመሰክርልሃል?" አለው፣ እሱም መሬትን ነክቶ ምስክር ጠራት። ሌሎቹም እንዲሁ ይነበባሉ። ሁለት እጅ ጭን ላይ ተደራርቦ ከሆነ ተመስጦ ነው። የረዘመው የጆሮ ጫፍ ልዑል ሳለ ያጠለቀውን ከባድ ጌጥ ያስታውሳል፤ ጌጡን ጥሎ መንኗል፣ ጆሮው ግን እንደረዘመ ቀርቷል። አክሊልና ሐብል ያደረገ ካየህ ብዙ ጊዜ ቡድሃ ሳይሆን ቦዲሳትቫ ነው፣ ሌሎችን ለማዳን የቆየ ማለት ነው። አንድ እግሯን ወደ ፊት የዘረጋች ሴት ካለች ታራ ናት፤ ለእርዳታ ልትነሳ የተዘጋጀች ናት። ወርቁም ለጌጥ ብቻ አይደለም። መጻሕፍታቸው የቡድሃን 32 ታላላቅ ምልክቶች ሲዘረዝሩ አንዱ ቆዳው የወርቅ መልክ አለው የሚል ነው።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ

ለሥራ ካትማንዱ ልሄድ ነው። የድሮ ሐውልት ርካሽ አለ ይላሉ፣ ገዝቼ ላምጣ?

መልስ፦ የድሮውን እርሳው። ኔፓል እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣችው የቅርስ ሕግ ከ100 ዓመት በላይ የሆነ እንዲህ ያለ ነገር ከአገር አይወጣም። ምክንያትም አላቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ ከቤተ መቅደሶቻቸው ብዙ ሐውልት ተሰርቆ ውጭ አገር ሙዚየምና ሰብሳቢ ቤት ገብቷል፣ ጥቂቱም በክርክር ተመልሷል። እኛም የተወሰደብን ብዙ ስለሆነ ስሜቱ ይገባናል። አዲስ የተሠራ ግዛ። ከሙያተኛው ሰፈር ብትገዛ የተሻለ ነው። አዲስም ቢሆን አሮጌ ከመሰለ ኤርፖርት ላይ ያስቆሙሃል፣ ስለዚህ ሻጩን ከአርኪዮሎጂ መሥሪያ ቤቱ ማረጋገጫ እንዲያወጣልህ ጠይቀው። ብዙዎቹ ሱቆች አሠራሩን ያውቁታል። ደረሰኙን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪስህ ውስጥ ያዘው።