«ድራይቭ ስሎው» ስህተት ነውን?

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት ሲሆን ማታ ማታ እንግሊዝኛ እማራለሁ። መምህራችን ግስን የሚገልጸው ተውሳከ ግስ እንደሆነና አብዛኛውን ጊዜ በ«ሊ» እንደሚጨርስ አስተምራናለች። ይሁን እንጂ በመንገድ ዳር «ድራይቭ ስሎው» (ቀስ ብለው ይንዱ) የሚል ጽሑፍ አያለሁ፤ የሥራ ባልደረቦቼም «ዘ ፉድ ስሜልስ ጉድ» (ምግቡ ጥሩ ይሸታል) ይላሉ እንጂ በ«ጉድ» ፈንታ ተውሳከ ግሱን «ዌል» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ተሳስተው ነው?

መልስ፦ አልተሳሳቱም። ሁለቱ ምሳሌዎችዎ ግን በመልክ ቢመሳሰሉም ምክንያታቸው ስለሚለያይ ለየብቻ ማየት ይሻላል።

በምግቡ ምሳሌ «ጉድ» የሚገልጸው ምግቡን ነው። ምግቡ አፍንጫ ኖሮት አላሸተተም፤ ግሱም እዚህ ላይ ልክ እንደ «ነው» ባለቤቱን ከጠባዩ ጋር ከማያያዝ ያለፈ ሥራ የለውም። «ሉክ»፣ «ሳውንድ»፣ «ቴስት» እና «ፊል» እንዲሁ ናቸው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው አንዱ ግስ በሁለቱም መንገድ ሲያገለግል ነው፤ «ሺ ሉክድ አንግሪ» ቢባል ሴትየዋ የተቆጣች ትመስል ነበር ማለት ሲሆን፣ «ሺ ሉክድ አንግሪሊ አት ሂም» ቢባል ግን ሰውየውን በቁጣ ተመለከተችው ማለት ነው። ስለዚህ ማዘንዎን ሲገልጹ «አይ ፊል ባድ» ይበሉ፤ «ባድሊ» የሚሉ ሰዎች፣ በእኔ አስተያየት፣ ሕጉን ከልክ በላይ ያከበሩ ናቸው።

«ድራይቭ ስሎው» ግን የታሪክ ጉዳይ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቅጽልን ወደ ተውሳከ ግስ ለመለወጥ አንዱ መንገድ መጨረሻው ላይ አንዲት አናባቢ መጨመር ነበር፤ በኋላ አናባቢዋ ከአነጋገር ስትጠፋ ሁለቱ ቃላት አንድ መልክ ይዘው ቀሩ። «ፋስት» እና «ሃርድ» ያለ «ሊ» የሚነገሩት በዚህ ምክንያት ነው። እንግሊዛዊው ጳጳስ ሮበርት ሎውዝ በ1762 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ሰዋስው ቅጽልን በተውሳከ ግስ ቦታ መጠቀምን ነቅፈዋል፤ የትምህርት ቤቱ ጥብቅ ሕግም የዚያ ዘመን ሊቃውንት ውርስ አለበት። እኛስ «ጥሩ ይዘፍናል» እንል የለምን?

በፈተናና በሥራ ማመልከቻ ላይ «ስሎውሊ» መጻፍ ከክርክር ያድናል። «ሊ»ን በሁሉም ላይ መለጠፍ ግን አደጋ አለው፤ ለቀጣሪዎ «አይ ወርክ ሃርድ» (ተግቼ እሠራለሁ) ማለት ፈልገው «አይ ሃርድሊ ወርክ» ካሉ፣ ሥራ እንደማይነኩ በገዛ አፍዎ መሰከሩ ማለት ነው።