ሆስቱን ማን ያድነዋል?

ወንድማችን፣ «ዊንዶውስ በተበላሸ ቁጥር በሪስኪዩ ፍላሽ ከምታገል ሥራዬን ሁሉ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ አስገብቼ በስናፕሾት ብገላገልስ?» ብለህ ጠይቀሃል። (ቨርቹዋል ማሽን ወይም ቪኤም በኮምፒውተርህ ውስጥ እንደ ፕሮግራም የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር ነው፤ ስናፕሾት ቪኤሙን ቀድሞ ወደነበረበት ሁኔታ የምትመልስበት ነው፤ ሪስኪዩ ፍላሽ ደግሞ ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል ከእሱ አስነስተህ የምትጠግንበት ፍላሽ ነው።) ሁለቱንም ለዓመታት ተጠቅሜያለሁ፣ በሁለቱም ተቃጥያለሁ። ከፍላሹ ለመገላገል ብለህ ብቻ ወደ ቪኤም እንዳትገባ እላለሁ።

ቪኤሙ የሚቀመጠው ሆስቱ ላይ፣ ማለትም ዋናው ኮምፒውተርህ ላይ ነው። ነገ የማይነሳው ሆስቱ ራሱ ከሆነ ስናፕሾቱ ጋር እንኳ አትደርስም፤ ያኔ የምትፈልገው ያንኑ የጠላኸውን ፍላሽ ነው።

ደግሞ ስናፕሾት ቅጂ አይደለም። ስትወስደው ዋናው የዲስክ ፋይል ባለበት ይቆማል፣ ከዚያ ወዲህ የሚጻፈው ሁሉ ሌላ ፋይል ላይ ይጠራቀማል። አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም። እኔ አንዱን «ለማንኛውም ይቀመጥ» ብዬ ሰባት ወር ተውኩት። ፋይሉ ሲያብጥ ሲያብጥ የሆስቱን ዲስክ ሞላውና ማሽኑ ቀጥ አለ። ቦታ ላስለቅቅ ብዬ ምን እንደሆነ ሳላጣራ ያንን ፋይል በእጄ አጠፋሁት! በስንት ልፋት ማሽኑን ከዋናው ዲስክ ሳስነሳው ከሰባት ወር በፊት የነበረው ዴስክቶፕ ተከፈተልኝ። ስናፕሾት የሚጠፋው ከፕሮግራሙ ውስጥ ነው፤ ያኔ ለውጡ ከዋናው ጋር ይዋሃዳል። የታወቀው የቪኤም ፕሮግራም ሠሪ ቪኤምዌር ራሱ አንድን ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩ ይላል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፦ ስናፕሾት ሲመለስ ብልሽቱን ብቻ ነቅሶ አያወጣም፣ ከዚያ ወዲህ የሠራኸውንም ይዞት ይሄዳል። ሪስኪዩ ዲስክ ግን ከታመመው ሲስተም ውጪ ተነስቶ የተበላሸችውን ቦታ ብቻ እንድትነካ ይፈቅድልሃል። አንድ ጊዜ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ስነካካ ግራብ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ጠፋብኝ፤ ሲስተምሪስኪዩ በሚባለው ሪስኪዩ ዲስክ ገብቼ እንደገና ጫንኩት፣ አንድም ፋይል አልጎደለብኝም። ይህ ቪኤም ውስጥም ይሠራል፦ አይኤስኦውን (የሪስኪዩ ዲስኩን ፋይል) እንደ ሲዲ አስገብተህ ማሽኑን ከእሱ ታስነሳዋለህ። እኔ አሁን ቪኤም ሲበላሽ መጀመሪያ ይህን ነው የምሞክረው። ስናፕሾት የምወስደው ከአፕዴት በፊት ነው፣ በማግስቱ አጠፋዋለሁ።

ፍላሹም ቢሆን በሩ ከተዘጋ ምንም አያደርግም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የክራውድስትራይክ (የኮምፒውተር ደህንነት ሶፍትዌር ኩባንያ) አፕዴት፣ በማይክሮሶፍት ግምት፣ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን ሲጥል መድኃኒቱ አንድ ፋይል ማጥፋት ነበር። ብዙዎችን ያንገላታቸው ግን ባለ 48 አሃዙ የቢትሎከር (ዲስክን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መሣሪያ) ቁልፍ ነው፤ የት እንዳለ የማያውቁ ነበሩ። ሴኪዩር ቡትም (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልታመነ ሶፍትዌርን የሚከለክለው መቆጣጠሪያ) አንዳንዱን ፍላሽ አያስነሳም። ስለዚህ ማሽኑ ደህና ሳለ አንዴ ከፍላሹ አስነስተህ ዲስክህ መከፈቱን እይ።

ዲስኩ ከሞተ ስናፕሾቱም አብሮ ይሞታል፣ ፍላሹም ውስጥ ያንተ ፋይል የለም። የዲስኩን ሙሉ ኢሜጅ (ግልባጭ) ክሎንዚላ በሚባለው የዲስክ መገልበጫ ፕሮግራም ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አውጣ፤ እኔ በየወሩ አደርገዋለሁ።

ያንተ ዊንዶውስ ቢትሎከር በርቶበታል ወይ? ከበራ ሌላውን ሁሉ ተወውና መጀመሪያ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፍ።